የካንጂ ቆሻሻ

ቶኪኮን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ጽዳቷ አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። የኒጋታ ተራሮች በረዶ ከጣሪያ እኩል በሚቆለልበት ወር እንኳ የእሷ ደጃፍ ተጠርጎ ድንጋዩ ይታያል። ባሏ ዮሺሄይ፣ «ሚስቴ ብትችል ዝናቡንም ሳይዘንብ ታጥበው ነበር» እያለ ይቀልድባታል። እሱ ራሱ ግን የዓሣ ሰው ነው፤ የዓሣ ሰው ደግሞ ከጭቃ ጋር የተጋባ ነው። በሞቃቱ ወራት በተራራው ላይ ባሉት የጭቃ ኩሬዎች ውስጥ ባለቀለም ኮይ ዓሣዎቹን ያሳድጋል። በረዶው ሳይቀድመው ደግሞ ሰብስቦ ከቤቱ ጎን ባለው፣ ጣሪያ በለበሰውና በሚሞቀው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ያስገባቸዋል።

በዚያ ዓመት ዓሣዎቹን አስገብቶ እፎይ ሳይል ልቡ ከዳው። ናጋኦካ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰዱትና ደረቱ መከፈት አለበት ተባለ። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ፊቱ እንደ ሰም ነጥቶ፣ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሚስቱን፣ «ወይዘሮን አደራ» አላት።

ወይዘሮ ሰው አይደለችም። ነጭ ገላዋ ላይ ቀይ የፈሰሰባት፣ ከክንድ የምትረዝም አሮጊት እናት ዓሣ ናት። የዮሺሄይ አባት የጀመረው ዘር እየተጣራ እየተጣራ መጥቶ የቆመው በእሷ ላይ ነው። እሷ ሳትተካ ከሞተች የሁለት ሰው ዕድሜ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ልጃቸውን ኪዮሚን፣ «አባትሽ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ» ብሎ አስጠንቅቋታል። እንግዲህ ቶኪኮ የተሸከመችው አንዲት ዓሣ ብቻ አልነበረም።

አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ወር ሲቀረው ወይዘሮ ጎን ላይ የአዝራር ያህል ቀይ ቁስል ወጣ። ሁለት ወጣት ዓሣዎችም ቆሰሉ። የቤቱ ደንብ የታወቀ ነው፤ የታመመውን አውጥተህ በትንሽ ገንዳ ለብቻው ታክማለህ። ወይዘሮን ማውጣት ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በመረብ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሌላው ደግሞ እንደ ሕፃን አቅፎ ያነሣል። ቶኪኮ ብቻዋን ናት። ከመንገዱ ሥር፣ በጩኸት ርቀት፣ ዕድሜ ልኩን ኮይ ያረባ ካንጂ የሚባል ጎረቤት አለ። እሱን መጥራት ግን ከተራራ የከበደ ነገር ሆነባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት የዓሣ ወረርሽኝ አገሩን ያስጨነቀ ጊዜ አርቢዎች ሁሉ እርስ በርስ ተፈራሩ። የሌላ ሰው መረብ፣ የሌላ ሰው ውሃ፣ የሌላ ሰው ጫማ እንደ መርዝ ታየ። ያን ጊዜ ዮሺሄይ በሰው ፊት፣ «ካንጂ፣ ያንን ጫማህን ይዘህ ከደጄ ራቅ!» አለው። የካንጂ ዓሣዎች አንድም ቀን አልታመሙም ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ካንጂ ከዚያ ወዲህ የዮሺሄይን የዓሣ ቤት ደፍ ረግጦ አያውቅም። ዮሺሄይም ይቅርታ ማለቱን ዛሬ ነገ እያለ አረጀበት። ቶኪኮ በበኩሏ የባሏን ስድብ እሷ የተሳደበችው ይመስል ካንጂን ስታይ ዓይኗን ትሰብር ነበር። አሁን በምን አፏ «ና አግዘኝ» ትበለው?

ስለዚህ አቋራጭ አገኘች። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ቢጫ የዓሣ መድኃኒት ዱቄት አወረደችና በጥብጣ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ጨመረችው። የታመመውም ያልታመመውም አብሮ ይታከም! ውሃው በገንዳው ማጣሪያ ውስጥ እየዞረ ይመለሳል፤ ይዙር። እንዲያውም በሽታው ማጣሪያው ውስጥ ተደብቆ ከሆነ እዚያው ይጨረስ ብላ አሰበች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት በዚያች ቀን የነገራት አልነበረም።

መድኃኒቱ ሠራ! ሰነባብቶ የወይዘሮ ቁስል ደረቀ፣ ጠርዙ ነጭ ሆነና ገጠመ። ቶኪኮ በደስታ ለኪዮሚ ደውላ፣ «ለአባትሽ ወይዘሮ ከእሱ ቀድማ ዳነች በዪው» አለቻት። ከዚያ የዓመቱ መጨረሻ ታላቅ ጽዳት ደረሰ። በዚያ አገር አዲስ ዓመት በቆሸሸ ቤት አይገባም። ቶኪኮ ጣሪያ ጠረገች፣ የወረቀት መዝጊያዎቹን ቀየረች፣ መስኮት ወለወለች። ዓይኗ መቼም ቆሻሻ አያልፍምና ማጣሪያውን ከፍታ ስታይ ውሃውን የሚያጣሩት ሸካራ ምንጣፎች ልጋግ በመሰለ ቡናማ ነገር ተለብጠዋል። አውጥታ በቧንቧ ውሃ አጠበች፣ በብሩሽ ፈተገች። ሲገዙ የነበረው ነጭነታቸው እስኪመለስ አልለቀቀቻቸውም። ኩል ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ወደ ገንዳው ስትገባ ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው ውሃው በሚወርድበት ጥግ ተኮልኩለዋል። ክንፋቸውን ወደ ገላቸው አጣብቀው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ወይዘሮ ከሁሉም ተለይታ አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ጆሮ ግንዷ ሥር ያለው መተንፈሻዋ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። ውሃው ግን ታችኛው ሲሚንቶ እስኪታይ ጥርት ያለ ነው። ቶኪኮ «በሽታው ተመልሶ መጣ» አለችና ሁለተኛውን የመድኃኒት ከረጢት አምጥታ ጫፉን ቀደደች።

ይኸኔ ከላይ፣ ከጣሪያው፣ ድምፅ መጣ።

በእነሱ መንደር ቂም እስከ ጣሪያ አይደርስም። ወንዱ ከቤት የሌለ እንደሆነ በረዶው ቤቱን ጭኖ እንዳያፈርሰው ጎረቤት ወጥቶ ይዝቃል፤ ስላልተነጋገሩ ብሎ የሚቀር የለም። ካንጂ ከንጋት ጀምሮ የዓሣ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ በረዶውን ሲያወርድ ነበር። ብርሃን የሚያስገባውን የፕላስቲክ ቆርቆሮ ሲጠርግ ቁልቁል ገንዳው ታየው። የማናፈሻውን መስኮት ከፍቶ አናቱን አስገባ።

«አንቺ ቶኪኮ!»

«ውይ! ምነው አያ ካንጂ፣ ወደቅክ እንዴ?»

«እኔ አልወደቅሁም፣ ዓሣሽ ነው የሚወድቀው። እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። ያ የቁስል በሽታ ተመልሶባቸዋል።»

«ቁስላቸው እንዴት ሆነ?»

«ቁስሉማ ድኗል።»

«ቁስሉ ከዳነ የቱን በሽታ ልታክሚ ነው? አስቀምጪው! አስቀምጪው አልኩ እኮ!»

ከረጢቱን መሬት አስቀመጠችው። 

«የመጀመሪያውን ስትጨምሪ ማጣሪያውን ዘግተሽዋል?»

«አልዘጋሁም። እሱም ይታከም ብዬ…»

«ይታከም!» አለ ካንጂ። «ማጣሪያው አሁን ምን ይመስላል?»

«እሱን እንኳ ተወው፣ ንጹሕ ነው።» ይህን ስትል በዚያ ጭንቅ ውስጥም ትንሽ ኩራት ድምፅዋ ላይ ነበር። «በቧንቧ ውሃ አጥቤ፣ በብሩሽ ፈትጌ…»

 የበረዶ ጓል በመስኮቱ ገብቶ ውሃው ላይ ጠብ አለ።

«መድኃኒቱ ገደላቸው፤ አንቺ ደግሞ አጥበሽ ቀበርሻቸው» አለ ካንጂ።

«እነማንን?»

«ሠራተኞቹን ነዋ! ዓሣ በተነፈሰ ቁጥር፣ በሸና ቁጥር የሚያወጣው አሞኒያ ነው፤ መርዝ። ያንን መርዝ እየበሉ ውሃውን የሚያኖሩት ምንጣፉ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ያ ቡናማ ልጋግ ቆሻሻ መሰለሽ? ቤታቸው ነው። የቁስሉን ባክቴሪያ ለመግደል የተሠራ ዱቄት ደግሞ ይሄ ወዳጅ ነው፣ ያ ጠላት ነው አይልም። ሁሉንም ጠረገልሽ። ዓሣዎችሽ አሁን የሚዋኙት በገዛ ሽንታቸው ውስጥ ነው።»

ቶኪኮ ዮሺሄይ ሁልጊዜ የሚላት ትዝ አላት፦ «እኔ የማሳድገው ውሃውን ነው፤ ዓሣውን ውሃው ያሳድገዋል።» እንደ ወንድ ፉከራ ቆጥራው ነበር። ባሏ የውሃውን መርዝ የሚለካበትን ትንሽ ብልቃጥ ከመሳቢያው አወጣች። ገንዳው ውስጥ ነክራ ጠብታውን ስትጨምርበት ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ወደ ላይ አንሥታ ለካንጂ አሳየችው።

«ወየው ጉድሽ» አለ።

«አያ ካንጂ፣ ወይዘሮ ከሞተች ዮሺሄይ…» አልጨረሰችውም።

ካንጂ ከመሰላሉ ወርዶ ደጁ ላይ ቆመ። ደፉ ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። ጫማው በረዶ ለብሷል። እሷም አየችው፣ እሱም ጫማውን አየ።

«ከዚህ ሆኜ ልንገርሽ» አለ። «ባልሽ በዚህ ጫማ እንዳልገባ ከልክሎኛል።»

ቶኪኮ ወደ ጓዳ ገብታ የዮሺሄይን ረጅም የጎማ ቦት ጫማ አመጣች። ቀድሞውንም ያበራ የነበረውን በመቀነቷ ጫፍ ወለወለችና፣ ለተከበረ እንግዳ እንደሚደረገው አፉን ወደ እሱ አዙራ አስቀመጠችለት። ከዚያ ጎንበስ አለች። ቀና ሳትል ቆየች። ካንጂ የራሱን ጫማ አውልቆ ደጅ ተወው፣ ያንን አጠለቀ።

«ሰፊ ነው» አለ እየገባ። «የባልሽ እግር እንደ አፉ ትልቅ ነው።»

መጀመሪያ የመድኃኒቱ ቅሪት ያለበትን ውሃ ማስወጣት ነበረባቸው። መድኃኒቱ እያለ አዲስ ባክቴሪያ ቢያመጡ እሱም አብሮ ያልቃል። ገንዳውን በከፊል እያጎደሉ፣ የጉድጓድ ውሃ ሙቀቱን እየለኩ ቀስ በቀስ ሞሉት። የአየር መንፊያ ጨመሩ። ምግብ ቆመ፤ ያልበላ ዓሣ ብዙ መርዝ አያወጣም። ማሞቂያውን ልታበርደው ስትል፣ «ተይ፣ እነዚያ ትንንሾቹ ብርድ አይወዱም፣ በብርድ አይሠሩም» አላት። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ በበረዶ ላይ በሚጎተት ሳንቃ ጥቁር ከረጢቶች ጭኖ ነበር።

አንዱን ከረጢት ከፈተላት። ሰማያዊ የማጣሪያ ምንጣፎች ናቸው፤ ከራሱ ገንዳ የነቀላቸው፣ ከላይ እስከ ታች ልጋግ ያንጠባጠቡ። ቶኪኮ ሳታውቀው አፍንጫዋን ያዘች። ግን አይገማም ነበር። የሚሸተው ከዝናብ በኋላ እንዳለ የጫካ አፈር ነው።

«ውሃ እንዳታስነኪው!» አለ ካንጂ ፈጥኖ። «አውቅሻለሁ እኮ፣ እጅሽን በልቶሻል።»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «የሰው ገንዳ ውሃ ወደ ሰው ገንዳ አይገባም፤ አውቃለሁ። ዓሣዎቼ ጤነኞች ናቸው። ማስረጃ ግን የለኝም፤ ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው። አልፈልግም ካልሽ እመልሰዋለሁ፣ አልቀየምም።»

ቶኪኮ ወይዘሮን አየች። አሮጊቷ ወደ ጎን ማዘንበል ጀምራለች።

«ቃልህ ይበቃኛል» አለች። ምንጣፉንም በገዛ እጇ ተቀብላ፣ ልጋጉ ክንዷ ላይ እየወረደ፣ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ተኛ ሕፃን ይዛ ማጣሪያው ውስጥ አስገባችው።

ሁሉንም ካስገቡ በኋላ ነው ነገሩ የገባት። «ካንጂ፣ ይሄ ሁሉ ወደ እኔ ከመጣ ያንተ ማጣሪያ በምን ይሠራል?»

«ግማሹ አለ።»

«ዓሣዎችህስ?»

«ይጾማሉ።»

«ለዘንድሮው የኮይ ውድድር የምታወፍራቸው?»

«ውፍረት ለጤናም ጥሩ አይደለም። አንቺን እያየሁ አይደል!»

ባሏ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ካንጂ ደግሞ ሴት ሲያለቅስ መግቢያው የሚጠፋው ሰው ነውና አካፋውን አንሥቶ ወደ ጣሪያው ተመለሰ። ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን፣ በዚያ ውድድር ላይ የሚያገኘውን ስም፣ ጫማህን ይዘህ ራቅ ብሎ በሰው ፊት ለሰደበው ሰው ሚስት በከረጢት ጭኖ አምጥቶ፣ «ግማሹ አለ» ብሎ ማለፍ! ቶኪኮ ያን ዕለት ከሁሉ በፊት አማልክቷን፣ ቀጥሎ ካንጂን፣ ቀጥሎም ያን ሁሉ ዘመን ስትፈትገው የኖረችውን ልጋግ አመሰገነች።

ያም ሆኖ ውሃው በአንድ ጀምበር አልዳነም። ሁለቱ ወጣት ዓሣዎች ሞቱባት፤ ካኪ ከሚባለው የፍሬ ዛፍ ሥር በረዶውን ቆፍራ ቀበረቻቸው። ኪዮሚ ስትደውል፣ «አባዬ ስለ ወይዘሮ ይጠይቃል፣ ምን ልበለው?» አለቻት።

«ውሃው እየተሠራ ነው በዪው» አለች ቶኪኮ። ውሸት አልነበረም።

ካንጂ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ሰፊውን ቦት ይጫማል፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ያነሣል። አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ። ደስ ሊላት ሲል ሌላ መርዝ ወጣ፤ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን በልተው የሚያወጡት ነገር ራሱ፣ ቀጣዮቹ በላተኞች እስኪበረክቱ ድረስ፣ ዓሣውን ያፍነዋል። ካንጂ ይህንንም ይጠብቀው ነበር። ጨው አስጨመራት፣ ውሃ አስቀየራት። «ያው እንደ ሰው ቤት ነው፣» አላት፣ «አንዱ ያበስላል፣ ሌላው ዕቃ ያጥባል። ዕቃ አጣቢዋ ዘግይታ ነው የምትመጣው።» ለአዲስ ዓመት ራሱ ከወቀጠው፣ ሞቺ ከሚሉት የሩዝ ቂጣ የተረፈውን አምጥቶላት ሁለቱም ገንዳው ዳር ተቀምጠው ሲበሉ፣ ወይዘሮ ከታች ተነሥታ፣ ቀጥ ብላ፣ በዝግታ መጣችና ፊታቸው ቆመች። ቶኪኮ ሞቺው ጉሮሮዋ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረውም።

ዮሺሄይ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከስቷል፣ ልብሱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። «መጀመሪያ ትኩስ ነገር ጠጣ» ብትለው እንቢ ብሎ ቀጥታ ገንዳው ጋ ሄደ። ወይዘሮን አየ። የቁስሏን ጠባሳ አየ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ ከልማዱ የተነሣ የማጣሪያውን ክዳን ገለጠ፣ የምንጣፉን ጫፍ ቀና አድርጎ አሸተተ።

«ሰማያዊ ነው» አለ። «የእኛ ነጭ ነበር። ይሄ የማን ነው?»

ቶኪኮ ሐኪሙ ያለውን አልረሳችም። ግን እንዲህ ያለ ውለታ ተደብቆ ሲቀመጥ ይገማል ብላ ሁሉንም ነገረችው። ኩራቷን፣ ቢጫውን ዱቄት፣ ጽዳቷን፣ የካንጂን ከረጢት። የካንጂ ዓሣዎች ከስተው ውድድሩ ላይ ከኋላ መሰለፋቸውን፣ ካንጂም ለሰዉ ሁሉ «ዘንድሮ ሰነፍኩ» ብሎ ማለፉን ነገረችው። ዮሺሄይ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰ።

«ጥሪልኝ» አለ።

ካንጂ ሲመጣ ቀልድ ይዞ ነበር የመጣው። «ደህና ገባህ? ልብህን ሲከፍቱት ምን አገኙ፣ ድንጋይ?» አለው ከደጅ። ዮሺሄይ ግን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን መሬት አድርጎ፣ ግንባሩን ዝቅ አደረገ።

«ያን ጊዜ በሰው ፊት ያልኩህን…»

«ኧረ ተነሥ! ስፌትህ ቢፈታ ሐኪሙ እኔን ነው የሚይዘኝ! ቶኪኮ፣ አንሺው እንጂ!»

«አልነሣም፣ ስማኝ» አለ ዮሺሄይ። «በረዶው ሲሄድ ወይዘሮ ያንተ ኩሬ ውስጥ ትውለድ። ወንዶቹን አንተ ምረጥላት። ከልጆቿም ከእኔ በፊት አንተ ለይተህ ውሰድ።»

በዚያ ተራራ ላይ እናት ዓሣ አይዋስም። ወንድም ለወንድም አይሰጥም፤ ልጅ እንኳ አባቱ እስኪሞት ይጠብቃል። ቶኪኮ ጆሮዋን ማመን አቅቷት ባሏን አየች፤ እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም። ካንጂ  የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለና ውሃውን፣ ውሃው ውስጥ ያለችውንም ቀይና ነጭ አሮጊት አያት። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ምን መብላት ትወዳለች?» አለ ቀስ ብሎ።

«የደረቀ የሐር ትል» አለው ዮሺሄይ፣ አሁንም እንደ ተንበረከከ። «ግን ከእጅ።»